ጸሎታችን በስልክ መስመር ላይ እንዴት ሊበተን እንደነበር

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ሰሞኑን ሦስት እህቶች በተለያየ ጊዜ ደውለው «የጸሎት ግሩፕ ልንጀምር ነው፣ እናንተ እንዴት ይሄን ያህል ዓመት ቆያችሁ» ብለው ጠየቁኝ፣ ለነሱ በስልክ የነገርኳቸውን ነው አሁን ቁጭ ብዬ የምጽፈው። መቆየቱንስ ቆይተናል፣ ግን ሰው ሳንጎዳ አልቆየንም። የሰው ገበና አውጥተናል፣ እኔ ራሴ ደግሞ እየጸለይኩ አንዷን እህቴን ከመስመሩ አስወጥቻት አሥር ወር ሙሉ ሳትመለስ ቀርታለች። እናንተ ይሄን ሳታልፉበት ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

የጀመርነው በ2012 ዐቢይ ጾም ነው፣ ኮሮና የገባ ጊዜ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌዎችን በመንከባከብ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፣ ካህናቱና ዲያቆናቱ ብቻ ገብተው ይቀድሳሉ እኛ በስልካችን እናያለን። ሀገር ቤት ደግሞ ከመጋቢት 28 ጀምሮ ለአንድ ወር ብሔራዊ የጸሎት ጊዜ ታውጆ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። እኔ ሥራ ቦታ የማጥባቸው፣ የማጎርሳቸው ሰዎች በየሳምንቱ ሲያልፉ እያየሁ ጠዋት ቤት ስገባ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አባታችን ሆይን እጀምርና መጨረስ ያቅተኝ ነበር፣ ቃሉ ጠፍቶብኝ አይደለም አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ለአንዷ ጓደኛዬ ስነግራት «እኔም እንደዛው ነኝ፣ በቃ አብረን እንበል፣ አንቺ ስታቆሚ እኔ እቀጥላለሁ» አለችኝ። ስድስት ሴቶች ሆነን በኮንፈረንስ ኮል ጀመርን፣ ማታ 3 ሰዓት፣ እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት። የዛን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሁላችንም በየቤታችን ብቻችንን ሆነን በስልክ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስንባባል አንዳችን ከአንዳችን ሰከንድ እየዘገየን ድምፃችን ሲደራረብ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በሁለት ወር ውስጥ አርባ ምናምን ሆንን። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት የሚገቡ ነበሩ፣ ለኛ ማታ የሆነው ለነሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሪያድ ያለችው እህታችን ረመዳን ስለነበር አሠሪዎቿ ሱሁር፣ ከጾሙ በፊት ያለውን የሌሊት ምግብ፣ የበሉበትን ዕቃ እያነሳች በአንድ ጆሮዋ ኢርፎን አድርጋ ነበር የምትገባው፣ አሜን ማለት ስለማትችል ድስቱን በማንኪያ ሁለቴ ታንኳኳልን ነበር። እሷን ስሰማ ሁሌ እናቴ ትዝ ትለኝ ነበር። እናቴ ወልድያ ናት፣ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ሰው ድንጋይ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞረ እግዚኦ ሲል እሷም ተሸክማ እንደዞረች ትነግረን ነበር፣ ድንጋዩ እንዳይወድቅ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እኔን አዝላ ስለነበር ጀርባዋን ደግፋ።

እንግዲህ ስህተታችን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

መጀመሪያ አካባቢ ሥርዓት የሚባል ነገር አልነበረንም። ተራ ይሰጠንና እያንዳንዳችን በራሳችን ቃል ነበር የምንጸልየው፣ በዛ ላይ የጸሎት ርእስ ያለው ሰው ይናገራል። የጸሎት ርእስ የሚባለው ነገር ቀስ በቀስ ወሬ ሆነ። ክፉ አስቦ የሚያወራ ማንም አልነበረም፣ ሁሉም አዝኖ ነው የሚናገረው፣ ግን «እገሊት እኮ እንዲህ ሆናለች፣ ባሏ እንዲህ ብሏት፣ ሐኪም እንዲህ ብሏት» እየተባለ አርባ ሰው ይሰማል። የዛን ሰኔ ቤይሩት ውስጥ በኢኮኖሚው ቀውስ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር፣ እዛ ያለችው እህታችን ደመወዝ ተከልክላ፣ በዛ ላይ ታማ ነበር። አንዳችን ስሟን፣ የትውልድ ቦታዋን፣ የበሽታዋን ዓይነት ሳይቀር ጠርታ አለቀሰች ጸለየች፣ ሌላዋ ደግሞ እርዳታ ይገኝላታል ብላ ድምፁን ቀድታ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። በሦስተኛው ቀን እናቷ ጎረቤት ቡና ላይ ሰማች። ልጅቷ ለእናቷ ደህና ነኝ እያለች ነበር የምትደውለው። እናቷ ታማ ሆስፒታል ገባች፣ ልጅቷም ዳግመኛ ወደ እኛ መስመር አልገባችም፣ ብንደውልም አላነሳችም። በኋላ ሀገሯ በሰላም እንደገባች ሰምተናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይቅርታ ግን እስካሁን አላገኘንም።

ለንስሐ አባታችን ስንነግራቸው ብዙም አልተቆጡም፣ ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ የክርስትና ስሟ ማነው?» አሉን። ከአርባችን አንዳችንም አናውቅም። በሽታዋን እናውቃለን፣ የአሠሪዋን ስም እናውቃለን፣ የክርስትና ስሟን ግን አናውቅም። «ለጸሎት የሚያስፈልጋችሁ እኮ እሱ ብቻ ነበር» አሉን። እንዴት እንዳፈርን አልነግራችሁም። ቤተ ክርስቲያን ሰውን ወለተ እገሊት ገብረ እገሌ ብላ የምትጠራው ይሄን ሁሉ አስባበት ነው ለካ፣ አንድ መቶ ወለተ ማርያም አለ፣ የትኛዋ እንደሆነች እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጎረቤት አያውቅም። ከዛን ቀን ጀምሮ እኛ ጋ የጸሎት ርእስ የለም፣ የክርስትና ስም ብቻ ነው ያለው። አንድ ደብተር አለኝ፣ በግራ ገጽ የሕያዋን በቀኝ ገጽ የሙታን ስም የተጻፈበት፣ በየማታው ከዛ ላይ አነባለሁ። ድምፅ መቅዳት ክልክል ነው። እርዳታ የሚፈልግ ሰው ካለ ከጸሎት ውጪ በሌላ ስልክ ለሁለት ሰው ብቻ ይነገራል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በጸሎት መስመር ላይ አይነበብም። እናንተም ይሄን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት፣ በኋላ እናደርገዋለን ካላችሁ በኋላ የሚሆነው ከጉዳት በኋላ ነው።

ሌላው ቶሎ የማልፈው፣ ግን ሳልናገር የማልተወው፣ «ራእይ አየሁ» እያለ የሚገባ ሰው ነገር ነው። አንድ የማናውቀው ሰው ገብቶ ለአንዲት ስኳር ላለባት እህታችን «ተፈውሰሻል መርፌውን ተዪው» አላት፣ እሷም አመነች፣ በአራተኛው ቀን አምቡላንስ ነው ያነሳት። ተርፋለች። ወገኖቼ ይሄን ቤተ ክርስቲያናችን አታስተምርም፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እንኳን በ1999 ዓ.ም. ጸበል የሚጠመቁ ሰዎች የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ጎን ለጎን እንዲወስዱ በግልጽ ተናግረዋል። መስመራችሁ ላይ መድኃኒት አቁሙ የሚል ሰው ከመጣ ወዲያውኑ ድምፁን ዝጉበት፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ወደ ከባዱ ልምጣ።

ጥቅምት 2013 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። መስመራችን ላይ ከሁሉም ቦታ ሰው አለ፣ ከስድስቱ ጀማሪዎች አንዷ ደግሞ ቨርጂኒያ የምትኖር የመቀሌ ልጅ ናት፣ መኪናዬ ውስጥ ስነግራት «አንቺ ስታቆሚ እኔ እቀጥላለሁ» ያለችኝ እሷ ናት። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የመቀሌ ስልክ ጠፋ። እሷ ማታ ማታ ትገባለች፣ ምንም አትልም፣ አሜን ትላለች ትወጣለች። እኛ ደግሞ ቀን ቀን ፌስቡክ ስናነብ ውለን የተናደድንበትን ይዘን ነው ማታ የምንገባው። ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ ተራው የኔ ነበር። ቀን ያየሁት ቪዲዮ ነበር፣ ወገኔ የሞተበት፣ አንጀቴ ተቃጥሎ ነበርና «ጌታ ሆይ ድሉን ለእኛ ስጠን፣ እነሱን አሳፍራቸው» አልኩ። እነሱን።

የምንጠቀምበት መስመር ሰው ሲገባ ቢፕ ቢፕ ይላል፣ ሲወጣ አንዴ ረዘም አድርጎ ቢፕ ይላል። እኔ ቃሉን ሳልጨርስ ያቺ ረዥሟ ቢፕ ተሰማች። ማን እንደወጣ ሁላችንም አውቀናል። አሜኑ ሳሳ ብሎ ወጣ፣ ከዛ ቀጣይዋ ተራዋን ወሰደች። ማንም ምንም አላለም። እኔም አልደወልኩም፣ «እውነት ነው የተናገርኩት፣ ምን አጠፋሁ» ብዬ።

በዚያው ወር ሌሎች አምስት ሰዎች ወጡ፣ ሁለት ሌሎች መስመሮችም ተከፈቱ፣ «የእኛ ብቻ» የሚሉ። እውነቱን ለመናገር የኛም የቀረነው ጸሎት መሆኑ ቀርቶ እንደ ዜና ሆኖ ነበር፣ ሰው የሚገባው ምን ተፈጠረ ብሎ ነው። የንስሐ አባታችን አንድ ማታ ሳይነግሩን ገብተው ሰሙን። በማግስቱ ደውለው «ልጆቼ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ከራሱ አፍ አውጥቶ እንዳይጸልይ፣ የአባቶችን ጸሎት ብቻ አንብቡ» አሉ። ውዳሴ ማርያም የዕለቱን፣ ከመዝሙረ ዳዊት፣ ከዛ በቅዳሴው ውስጥ በእንተ ቅድሳት የሚባለውን ልመና በአማርኛው አንዷ እያነበበች ሌሎቻችን «አሜን ኪርያላይሶን፣ እግዚኦ ተሣሃለነ» እያልን፣ ከዛ የስም ዝርዝሩ፣ ከዛ አባታችን ሆይ። አርባ ደቂቃ፣ አለቀ።

እኔ መጀመሪያ ከፋኝ። ልብ የሌለው ጸሎት፣ ንባብ ብቻ ነው የሚሆነው አልኩ። ግን ያን ልመና በየማታው ድምፅ አውጥቼ ሳነበው ነው የገባኝ፣ ስንት ዓመት ቅዳሴ ቆሜ በጆሮዬ ሲያልፍ የነበረ ነገር ነው። ስለ ሰላም ይለምናል፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ይለምናል፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ መንገደኛ፣ ስለ ድውይ፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ እስረኛ። የየትኛው ወገን እስረኛ እንደሆነ አይጠይቅም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጸሎትና ምልጃ «ስለ ሰዎች ሁሉ» ይደረግ ያለው እዛ ውስጥ ነው ያለው። እኔ በራሴ ቃል ብጸልይ ኖሮ በዛን ሰዓት ከልቤ «ሁሉ» የሚለው ቃል አይወጣም ነበር፣ አፌን አባቶች ባዘጋጁት ቃል ላይ አስሬ ነው ልቤ ቀስ እያለ የተከተለው፣ ወራት ፈጅቶበት። እዚህ ላይ በራስ ቃል መጸለይ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለብቻችሁ በጓዳችሁ እንደፈለጋችሁ አልቅሱ፣ በማኅበር ግን በተለይ ሰው በተከፋፈለበት ዘመን ሥርዓቱ ይጠብቃችኋል።

ከዛ ነሐሴ መጣ። ነሐሴ 2013 ወልድያ ተያዘች፣ ስልኩ ተቋረጠ። እናቴ እዛ፣ ወንድሜ ከነልጆቹ እዛ። ስደውል ማግኘት አይቻልም የሚለው የሴትዮዋ ድምፅ ነው፣ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ እሱን ስሰማ እውላለሁ፣ ሥራ ቦታ መድኃኒት እያደልኩ በአንድ እጄ እደውላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሌሊት ፈረቃ ላይ፣ ኮሪደሩ ጸጥ ብሎ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ያቺ እህቴ ትዝ አለችኝ። በመካከሉ ለስድስት ወር ያህል ቢመለስም ከሰኔ ጀምሮ የመቀሌ ስልክ እንደገና ጠፍቶ ነበር። ይቺን ሴትዮ ድምፅ እሷም እየሰማች ነበር ማለት ነው፣ ከኔ በፊት፣ እኔ «እነሱን» ስል እናቷና አባቷ የት እንዳሉ ሳታውቅ ነበር አሜን ስትለኝ የነበረችው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከአዲስ ዓመት ማግስት ደወልኩላት። ምን እንደምላት ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። «ሃሎ» አለች፣ «እኔ ነኝ» አልኳት፣ ስሜን ሳልናገር አወቀችኝ። ዝም አልን። ወረቀቱን ማንበብ ሳልጀምር እሷ «እማማስ? ወሬያቸውን ሰማሽ?» አለችኝ። እናቴ ወልድያ እንዳለች ታውቃለች፣ ዜናውን ስትሰማ መጀመሪያ ያሰበችው እሷን ነው። ወረቀቱን አላነበብኩትም። ሁለታችንም ስንላቀስ ቆየንና በመጨረሻ «ያን ቀን እነሱ ያልኩት የአንቺን እናትና አባት ነው፣ በድዬሻለሁ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ለንስሐ አባቴ ታረቅን ብዬ በደስታ ስነግራቸው «በአርባ ሰው ፊት በድለሻት ለብቻዋ ነው እንዴ ይቅርታ የጠየቅሻት?» አሉኝ። ልክ ናቸው። መባህን ይዘህ ወንድምህ የተቀየመህ መሆኑ ትዝ ካለህ መባውን እዛው ትተህ አስቀድመህ ታረቅ የሚለውን የጌታን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በስልክ ጸሎት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። በማግስቱ ማታ ከውዳሴ ማርያም በፊት ያኔ ያልኩትን ቃል በቃል ደግሜ ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ያን መድገም በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር ሁሉ ከበደኝ። እሷ መስመሩ ላይ የለችም ብዬ ነበር የማስበው። ስጨርስ ግን ቢፕ ቢፕ አለ፣ ገባች፣ አንዷ ጓደኛችን ስልኳን ስፒከር አድርጋ ስታሰማት ኖሯል። ያን ማታ ዳዊቱን እሷ አነበበች።

እዚህ ላይ ለናንተ የምለው፣ በጸሎት መካከል ሰው ተቀይሞ ከወጣ በዛው ማታ ደውሉ። የማንም ጥፋት ይሁን ደውሉ። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ሰው ቁስሉን ይለምደዋል፣ እናንተም ዝምታችሁን ትለምዱታላችሁ።

እሷ ከተመለሰች በኋላ አንዳንዶቹ የወጡት ተመለሱ፣ ሁሉም አይደሉም። ያኔ ነው ዳዊቱን መከፋፈል የጀመርነው። አንድ መቶ ሃምሳው መዝሙር በአሥራ አምስት ንጉሥ ይከፈላል፣ አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው፣ አሥራ አምስት ሰው አንድ አንድ ንጉሥ ከያዘ በየቀኑ ሙሉ ዳዊት ይደገማል፣ ማታ የሚሠራው ጠዋት፣ ጠዋት የሚሠራው ማታ። ይሄ ለፈረቃ ሠራተኛ በጣም ይመቻል፣ ማታ መግባት ያልቻለ ሰውም ቀረሁ ብሎ አይከፋውም። የኔንና የሷን እኛው ተማክረን ተቀያየርን፣ እኔ ለወላጆቿ እሷ ለእናቴ እያሰብን እንድንደግም። ለሰው ስደግም ከሰውየው ጋር መኮራረፍ እንደማልችል ያየሁት በዛ ነው።

ታኅሣሥ 2014 ወንድሜ ደወለ። እናቴ በሕይወት አለች፣ ከስታለች ግን አለች። ማታ መስመሩ ላይ ስናገር መጀመሪያ እልል ያለችው እሷ ናት፣ የራሷ እናትና አባት ወሬ ከጠፋ ስድስት ወር ሆኖት። ለሷ ገና አንድ ዓመት ይቀራት ነበር፣ ያኔ ግን አናውቅም። በየማታው ደብተሩን ስከፍት የአባቷን የክርስትና ስም፣ ቀጥሎ የእናቷን፣ በግራው ገጽ አነባለሁ፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ የደም ግፊት አለባቸው፣ መድኃኒት የለም ይባላል፣ እና ሁሌ እዛ ስደርስ ድምፄ ይቆረጣል፣ በየትኛው ገጽ ልጥራቸው እያልኩ። እሷ አንድ ቀን «እስክንሰማ ድረስ በግራው ጥሪያቸው» አለችኝ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፣ በታኅሣሥ የመቀሌ ስልክ መመለስ ጀመረ። እናቷን አገኘቻቸው። አባቷ ነሐሴ ላይ አርፈው ኖሯል፣ አራት ወር ሙሉ በሕያዋን ስም ስንጠራቸው ነበር። ፍትሐቱ ተደረገ፣ እኛም አርባ ቀን ሙሉ ዳዊቱን ለሳቸው ደገምን። ያን ሰሞን ስማቸውን ወደ ቀኙ ገጽ ልጽፍ ደብተሩን ስከፍት እሷ አጠገቤ ቤቴ ቁጭ ብላ ነበር፣ በግራው ያለውን ልሰርዝ እስክሪብቶ ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። «እሱን ተዪው» አለች። አሁንም በሁለቱም ገጽ አለ፣ ማታ ማታ ሁለቴ እጠራቸዋለሁ።